በአንድ ሶኬት ላይ ብቻ የሚቀላ ቲዩብ፦ የአንድ ባለ 22 ዋት ጊታር አምፕሊፋየር የጉዳይ ጥናት

አምፕሊፋየሩ ለጥገና ሲመጣ የባለቤቱ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «የትኛውን 6ቪ6 ልግዛ?» 6ቪ6 ስፒከሩን የሚነዳው የኃይል ቲዩብ ዓይነት ነው። ባለቤቱ ከዚያ በፊት ሁለት ጥንድ የኃይል ቲዩብ ቀይሯል። በሁለቱም ጊዜ የታየው ምልክት አንድ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጫወተ በኋላ ድምፁ ይደክማል፣ ባሱ ይላላል፣ ከስር የሚያጉረመርም ድምፅ ይገባል። ከኋላ ሲታይ ደግሞ ከሁለቱ የኃይል ቲዩቦች ለሬክቲፋየሩ (ተለዋዋጭ ካረንትን ወደ ቀጥታ ለሚቀይረው ቲዩብ) የሚቀርበው ፕሌቱ፣ ማለትም ሌላውን ሁሉ ከውጭ የሚከበው ግራጫ ብረት፣ ግሎ ቀልቷል። የመጀመሪያውን ጥንድ «ርካሽ ስለሆነ ነው» ብሎ ጣለው። ሁለተኛውን ከሌላ ብራንድ ገዛ። አሁን ደግሞ ገንዘብ አጠራቅሞ ያልተሠራበት የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ጥንድ ሊገዛ ነው።

ያን ጥንድ ገዝቶ ቢሰካው ኖሮ እሱም በዚያው መንገድ ይሞት ነበር። ከተለያየ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ቲዩቦች በአንድ ሶኬት ላይ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ከተበላሹ፣ የቲዩብ ምርጫ ቀርቶ መጀመሪያ ያ ሶኬት ለቲዩቡ ምን እያቀረበለት እንደሆነ መለካት አለበት።

መሣሪያው

ሰርኪዩቱ የፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብን ኤቢ763 ንድፍ የሚከተል ነው፤ ንድፉ እ.ኤ.አ. የ1963 ነው። ዘጠኝ ቲዩቦች አሉት፤ «ቪ» የየሶኬቱ ቁጥር ነው። ቪ1 እና ቪ2 የሁለቱ ቻናሎች የመጀመሪያ ማጉያዎች ሲሆኑ ሁለቱም 12ኤኤክስ7 ናቸው። ቪ3 የሪቨርቡን (የማስተጋቢያውን) ስፕሪንግ የሚነዳ 12ኤቲ7 ነው። ቪ4 ከስፕሪንጉ የሚመለሰውን ሲግናል ያጎላል፣ ቪ5 ትሬሞሎውን (ድምፁን እያፈራረቀ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን) ያንቀሳቅሳል፤ እነዚህም 12ኤኤክስ7 ናቸው። ቪ6 ሲግናሉን በሁለት ተቃራኒ ፌዝ የሚከፍል 12ኤቲ7 ነው። ቪ7 እና ቪ8 የኃይል ቲዩቦቹ 6ቪ6 (የሚቀላው ቪ8 ነው)፣ ቪ9 ሬክቲፋየሩ ጂዜድ34 ናቸው። የኃይል ቲዩቦቹ ባያስ፣ ማለትም በግሪዳቸው (በመቆጣጠሪያ ጫፋቸው) ላይ ሆኖ ካረንታቸውን የሚወስነው፣ ከራሱ ምንጭ የሚመጣ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ነው፤ ሻሲው (የብረት አካሉ) ውስጥ ባለች ትንሽ ማስተካከያ ከፍና ዝቅ ይደረጋል።

ውስጡን ለሚከፍት ሰው ከሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። ከፍተኛ ቮልቴጁን የሚያለሰልሱት የፊልተር ካፓሲተሮቹ ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። መሰኪያው ይነቀላል፣ 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በተሸፈነ ክሊፕ ከመጀመሪያው ካፓሲተር ፖዘቲቭ እስከ ሻሲው ለጥቂት ሰከንድ ይያዛል፣ ከዚያ በሜትር ዜሮ መሆኑ ይረጋገጣል። በሬዚስተር ፋንታ ስክሩድራይቨር ማነካካት ካፓሲተሩንም ጫፉንም ያቃጥላል። አምፕሊፋየሩ ሲበራ ስፒከሩ ወይም 8 ኦም የሚሆን የኃይል ሬዚስተር መገናኘቱም ግዴታ ነው፤ ያለ ጭነት የተነዳ የውጤት ትራንስፎርመር ከቲዩብ ይልቅ እጅግ ውድ የሆነ ጥፋት ነው።

ቲዩቡ ነው ወይስ ሶኬቱ?

ይህን ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ቪ7 እና ቪ8 ቦታ ተለዋወጡ። መቅላቱ ከቲዩቡ ጋር ቢሄድ ኖሮ ቲዩቡ ነው ይባል ነበር። እዚህ ግን ቀድሞ ጤነኛ የነበረው ቲዩብ ወደ ቪ8 ሶኬት ሲገባ እሱ ይቀላ ጀመር። ፕሌት መቅላት ሲጀምር ወዲያው ማጥፋት ይገባል፤ የጋለው ብረት በውስጡ የታመቀ ጋዝ ይለቃል፣ ጋዙ ደግሞ የግሪድ ካረንት ፈጥሮ ቲዩቡን ይበልጥ ያግለዋል።

ከዚያ በኋላ ልኬት ተከተለ። የሁለቱም ቲዩቦች ካቶድ (ኤሌክትሮን የሚያመነጨው ጫፍ፣ ፒን 8) በቀጥታ ከሻሲው ጋር የተያያዘ ስለነበር በየመሃላቸው 1 ኦም፣ 1 ፐርሰንት፣ 1 ዋት ሬዚስተር ገባ። በ1 ኦም ላይ የሚነበበው ሚሊ ቮልት በቀጥታ ሚሊ አምፔር ስለሆነ ከዚያ በኋላ ሂሳቡ ቀላል ነው። አምፕሊፋየሩ ሃያ ደቂቃ ከሞቀ በኋላ የተነበበው ይህ ነው፦

ቪ7፦ ፕሌት (ፒን 3) 406 ቮልት፣ ግሪድ (ፒን 5) −34.8 ቮልት፣ ካቶድ 23 ሚሊ አምፔር።
ቪ8፦ ፕሌት 404 ቮልት፣ ግሪድ −23.1 ቮልት፣ ካቶድ 62 ሚሊ አምፔር።

ከ62ቱ ስክሪን ግሪዱ (በቲዩቡ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ግሪድ) የሚወስደው 5 ሚሊ አምፔር ያህል ቢቀነስ፣ 57 በ404 ሲባዛ 23 ዋት ይመጣል። የ6ቪ6ጂቲ ፕሌት በዝምታ ጊዜ እንኳ ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛው 14 ዋት ነው፤ የቆዩ ሰነዶች እንዲያውም 12 ይላሉ። ይህን የሚችል 6ቪ6 በየትኛውም ዋጋ አይገኝም።

ሁለቱም ግሪዶች ባያሳቸውን የሚያገኙት ከአንድ ምንጭ፣ በየራሳቸው 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ነው። ስለዚህ የ11.7 ቮልት ልዩነት ከየት መጣ? ሁለት ተጠርጣሪ አለ፤ በቲዩቡ ውስጥ ያለ ጋዝ፣ ወይም ፖዘቲቭ ቮልቴጅ የሚያሾልክ ካፕሊንግ ካፓሲተር (ሲግናሉን ከቪ6 ወደ ግሪዱ የሚያሳልፈው)። መለያው ቪ8ን ነቅሎ ባዶውን ሶኬት መለካት ነው። ጋዝ ቢሆን ቲዩቡ ሲነቀል ቮልቴጁ ወደ −35 ይመለሳል። አልተመለሰም፤ −23.4 ላይ ቆመ። ከቪ6 የሚመጣው የ0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አንድ እግሩ ሲነሳ ግን ወዲያው −35 ሆነ።

ሂሳቡም ይገጥማል። 11.7 ቮልት ለ220 ኪሎ ኦም ሲካፈል 53 ማይክሮ አምፔር ነው። በካፓሲተሩ ወዲያኛው ጫፍ የቪ6 ፕሌት 228 ቮልት ነበር፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል 251 ቮልት ማለት ነው። 251 ለ53 ማይክሮ አምፔር ሲካፈል 4.7 ሜጋ ኦም ይሆናል። ጤነኛ የፊልም ካፓሲተር ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ካፓሲተሩ ተነቅሎ በመልቲሜትር ኦም ሲለካ ግን ምንም እንከን አላሳየም፤ ሜትሩ የሚልክበት ቮልቴጅ ጥቂት፣ ካፓሲተሩም ቀዝቃዛ ነውና። ብዙ ጠጋኝ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማሾለክ መለካት ያለበት በሥራ ቮልቴጁና በሙቀቱ ነው። ሃያ ደቂቃው የሚገለጸውም በዚህ ነው፦ እንደበራ ባዶው ሶኬት −31 ያሳይ ነበር፣ ሻሲው ሲሞቅ ወደ −23 ወረደ።

ፊውዙስ ለምን ዝም አለ?

ባለቤቱ ይህን ጠይቋል፣ ተገቢ ጥያቄም ነው። በፊውዝ መያዣው ላይ 1 አምፔር ተጽፎ ሳለ ውስጡ የተገኘው 3 አምፔር ነበር፤ ወዲያው ተቀየረ። ነገር ግን ትክክለኛው ፊውዝ ቢኖርም ባልተቃጠለ ነበር። ቪ8 ተጨማሪ የወሰደው 39 ሚሊ አምፔር በ404 ቮልት 16 ዋት ያህል ነው፤ ያ በ230 ቮልት መስመር ላይ 0.07 አምፔር ገደማ ጭማሪ ብቻ ነው። ዋናው ፊውዝ የሚጠብቀው ከሾርት ነው። የሚቀላ ቲዩብን እንዲያይ ከተፈለገ በከፍተኛ ቮልቴጁ መስመር ላይ የራሱ ፊውዝ መግባት አለበት፤ እሱም ቢሆን በዚህ መጠን ያለ ጭማሪን ላያስተውል ይችላል። የተሻለው ጠባቂ በየጊዜው ከኋላ የሚመለከት ዓይን ነው።

ሁለቱም ካፕሊንግ ካፓሲተሮች አብረው በ0.1 ማይክሮ ፋራድ፣ 630 ቮልት የፖሊፕሮፒሊን ፊልም ተተኩ። ዕድሜያቸውም ሙቀታቸውም አንድ ስለሆነ አንዱን ብቻ መቀየር ቁጠባ አይባልም። የቪ8 ስክሪን ሬዚስተር 470 ኦም መሆን ሲገባው 690 ላይ ደርሶ ተገኘ፤ ሲቃጠል የኖረ ነው። በሁለቱም ሶኬቶች ላይ እሳት የማይቀበል 470 ኦም 2 ዋት ሜታል ኦክሳይድ ገባ። የቪ8 ሶኬት ፒኖች በሙቀት ላልተው ስለነበር አንድ በአንድ ጠበቁ።

ሁለቱ ነባር ቲዩቦች ከጥገናው በኋላ እንደገና ተሞከሩ። አንደኛው ደህና ነው። በቪ8 ላይ ሲቀላ የቆየው ግን ሶኬቱ ከተስተካከለ በኋላም ግሪዱን በአሥር ደቂቃ ከ−35 ወደ −31 አወረደው። በዚህ ጊዜ ጥፋተኛው ቲዩቡ ራሱ ነው፤ የተለቀቀው ጋዝ 18 ማይክሮ አምፔር የሚሆን የግሪድ ካረንት ፈጥሯል። እሱ ተጣለ።

የኃይል ቲዩብ ምርጫው

አሁን የባለቤቱ ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት ቦታ ላይ ተደረሰ። ጥያቄው ግን መልኩን ቀይሯል፦ በፕሌቱ 416 ቮልት የሚቀበል ቲዩብ የትኛው ነው? በሽያጭ ገጾች ላይ «ሞቅ ያለ»፣ «ጥርት ያለ» እየተባለ ከሚጻፈው ሁሉ በፊት የሚታየው ይህ ቁጥር ነው።

የአሜሪካ የ6ቪ6ጂቲ ሰነዶች የሚፈቅዱት የፕሌት ቮልቴጅ 350 ነው። ይህ ንድፍ ከመነሻው ከዚያ በላይ ይሠራል፤ የዘመኑ ጥሩ ቲዩቦችም ችለውታል። ነገር ግን በሰነድ ያልተጻፈ ችሎታ ከቲዩብ ቲዩብ ይለያያል። ባለቤቱ ሊገዛው ያሰበው የድሮ አሜሪካ ጥንድ ይሠራ ይሆናል፤ ዋጋው ግን ከጥቅሙ በላይ ነው፣ አሮጌ ቲዩብ ደግሞ ሳይሠራበት መቀመጡ ብቻ ጤንነቱን አያረጋግጥም። በእጁ ያሉት አራት የሶቭየት 6ፒ6ኤስ ቲዩቦች ፒናቸው ከ6ቪ6 ጋር አንድ ነው፣ ድምፃቸውም ግሩም ነው። ሆኖም 350 ቮልት ገደባቸው የምር ነው፤ ከ400 በላይ ሲሆን በውስጣቸው ብልጭታ የሚፈጥሩ ብዙ ናቸው። ቮልቴጁ ዝቅ ላለ አነስተኛ አምፕሊፋየር እንዲያስቀምጣቸው ተነገረው።

የተመረጠው የጄጄ 6ቪ6ኤስ ነው። ስሎቫኪያ ውስጥ ቻድሳ በሚገኘው ፋብሪካ የሚሠራ ሲሆን አምራቹ ለፕሌቱ 500 ቮልት እና 14 ዋት ይፈቅዳል። አንድ እንከን አለው፦ መስታወቱ ከተለመደው 6ቪ6 ሰፋ ስለሚል የቲዩብ መያዣ ስፕሪንጎቹ ተከፍተው መስተካከል ነበረባቸው። በግድ ከተጨመቀ መስታወቱ ከመሠረቱ ይላቀቃል።

ስለ ብራንድ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በማሸጊያው ላይ ያለው ስም ሁልጊዜ የፋብሪካ ስም አይደለም። ሶቭቴክ፣ ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ፣ ታንግ-ሶል እና በዛሬው ምርት ሙላርድ የሚባሉት ከአንድ የሳራቶቭ፣ ሩሲያ ፋብሪካ የሚወጡ ናቸው። የዛሬው ሙላርድ እንግሊዝ ብላክበርን ይሠራ ከነበረው ጋር የሚጋራው ስሙን ነው። ስለዚህ አንዱን ብራንድ ጥሎ ሌላውን መግዛት አንዳንዴ ከአንድ ቤት ሁለት ጊዜ መግዛት ይሆናል።

«የተመሳሰለ ጥንድ» የሚለው ጽሑፍም ልክ አለው። ሻጩ ሁለቱን በአንድ ቮልቴጅ ፈትኖ ካረንታቸው መቀራረቡን ነው የሚናገረው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሚሊ አምፔር የመፈተሻው እንጂ የዚህ አምፕሊፋየር ስላልሆነ በባያስ ሥራ ላይ ምንም አያገለግልም። በሁለቱ መካከል እስከ 3 ሚሊ አምፔር ልዩነት ለጊታር ችግር አይሆንም። ከዚያ በላይ ሲሰፋ በውጤት ትራንስፎርመሩ ውስጥ እርስ በርሱ መጠፋፋት ያለበት ማጉረምረም ይሰማል።

ባያሱ የተስተካከለው እንዲህ ነው። ቲዩቦቹ ከመግባታቸው በፊት ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ኔጌቲቭ ጫፍ፣ −41 ቮልት፣ ተወሰደ። ቲዩቦቹ ገቡ፣ አምስት ደቂቃ ተጠበቀ፤ 14 እና 15.5 ሚሊ አምፔር ተነበበ፣ ፕሌቱ 424 ቮልት ነበር። ማስተካከያው ቀስ በቀስ ወደ −36.9 ሲመጣ ቪ7 21.3፣ ቪ8 22.8 ሚሊ አምፔር፣ ፕሌቱ 416 ቮልት ሆነ። ከቪ8 ላይ ለስክሪኑ 1.5 ሲቀነስ 21.3 በ416፣ 8.9 ዋት ገደማ ነው፤ ከ14ቱ 63 ፐርሰንት። ብዙዎች 70 ፐርሰንትን እንደ ግብ ይይዙታል። 70 ጣሪያ ነው። ከ60 እስከ 65 ባለው ውስጥ ድምፁ ሙሉ ከሆነ ወደ ላይ መግፋት የሚጨምረው ሙቀት ነው። የመስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ሲልም የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ይኖራቸዋል።

በትንንሾቹ ቲዩቦች ዘንድ የተገኘው

በቪ3 እና በቪ6 ላይ 12ኤቲ7 መኖር ሲገባው 12ኤኤክስ7 ተሰክቶ ነበር። ፒናቸው አንድ ስለሆነ ይሠራል፤ ለዚህም ነው ማንም ሳያስተውል የቆየው። «12ኤኤክስ7 የማጉላት አቅሙ 100 ነው፣ የ12ኤቲ7 60 ነው፣ ስለዚህ ይበልጣል» የሚል ምክር የሰጠ ሰው ሳይኖር አይቀርም። የማጉላት ቁጥር ግን ከመረጃው ግማሹ ነው። የ12ኤኤክስ7 የውስጥ ሬዚስታንስ 60 ሺህ ኦም ገደማ፣ የ12ኤቲ7 11 ሺህ ገደማ ነው። ቪ3 ትንሽ ትራንስፎርመር ይነዳል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ካረንት ነው፣ 12ኤኤክስ7 ያን አይሰጥም። ሪቨርቡ እስከ 7 ድረስ ካልተከፈተ አይሰማም የተባለው ከዚህ የተነሳ ነው። 12ኤቲ7 ሲመለስ በቪ3 ባለ 2.2 ኪሎ ኦም የካቶድ ሬዚስተር ላይ 8.5 ቮልት ተነበበ፤ 3.9 ሚሊ አምፔር ማለት ነው። ሪቨርቡም 3 ላይ ይሞላ ጀመር። ቪ6 ላይ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ 12ኤኤክስ7 ድምፁን ቶሎ ወደ መሰበር (ወደ መዛባት) ይገፋል፣ የሚወደው ጊታሪስትም አለ። እዚህ ባለቤቱ የጠራ ድምፅ የሚፈልግ ስለሆነ 12ኤቲ7 ተመለሰ።

ቪ2 በእርሳስ ጀርባ ቀስ ተብሎ ሲነካ በስፒከሩ እንደ ደወል ይጮህ ነበር፤ ማይክሮፎኒክ ሆኗል። በኮምቦ ውስጥ ቲዩቡ ከስፒከሩ ጋር አንድ ሳጥን ስለሚጋራ ንዝረቱ መልሶ ይደርሰዋል። ሊጣል አልተፈለገም። ወደ ቪ5 ተዛወረ፤ በትሬሞሎው ውስጥ የጊታሩ ሲግናል ስለማያልፍበት መጮሁ አይሰማም። የቪ5 ጸጥተኛ ቲዩብ ደግሞ ወደ ቪ2 መጣ። በዚህ ልውውጥ አንድ ቲዩብ ተረፈ። መታሰብ ያለበት፣ ትሬሞሎው ለመነሳት በቂ የማጉላት አቅም ይፈልጋል፤ የደከመ ቲዩብ ቪ5 ላይ ከገባ ትሬሞሎው ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ይህኛው ተነስቷል። ለቪ1 እና ቪ2 ወደፊት ሲገዛ ፕሌታቸው አጭር የሆኑት ይመረጣሉ፤ ረጃጅም ፕሌት ያላቸው በኮምቦ ውስጥ ለንዝረት ቅርብ ናቸው። ለትንንሽ ቲዩቦች «የተመሳሰለ» እየተባለ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ገንዘብ ግን መክፈል አያሻም።

ሬክቲፋየሩ የብላክበርን ጂዜድ34 ነው፣ በጭነት 416 ቮልት እየሰጠ ነው፣ ሲበራ አይብለጨለጭም። አልተነካም። ድምፁን ለማለስለስ 5ዩ4ጂቢ የተባለ ሌላ ሬክቲፋየር ይግባ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። 5ዩ4ጂቢ ለሂተሩ (ለማሞቂያ ሽቦው) 3 አምፔር ይወስዳል፣ ጂዜድ34 1.9 ነው። በ5 ቮልት ጥቅሉ ላይ የሚጨመረውን 1.1 አምፔር ይህ ትራንስፎርመር እንደሚሸከም የሚያሳይ ጽሑፍ የለም።

በዚሁ ምክንያት ሌላኛው ምኞት፣ 6ኤል6ጂሲ የተባለ ትልቅ የኃይል ቲዩብ ሰክቶ ኃይል መጨመር፣ ውድቅ ሆነ። አንድ 6ቪ6 ለሂተሩ 0.45 አምፔር ይወስዳል፣ 6ኤል6ጂሲ 0.9። አሁን ስድስቱ ትንንሽ ቲዩቦች በ0.3 አምፔር 1.8፣ ሁለቱ 6ቪ6 0.9፣ አመልካች መብራቷ 0.15 ሲወስዱ ጠቅላላው 2.85 አምፔር ነው፤ በ6ኤል6 ወደ 3.75 ይዘላል። የውጤት ትራንስፎርመሩም ለ6ቪ6 የተጠቀለለ 6.6 ኪሎ ኦም ነው። ቲዩቡ ቢገባም ከከፍተኛ ቮልቴጁ ምንጭ የሚገኘው ካረንት ስለማይጨምር የሚሰማው ልዩነት ትንሽ፣ የኃይል ትራንስፎርመሩ ሙቀት ግን ብዙ ይሆናል። ተጨማሪ ድምፅ ከተፈለገ የበለጠ ቅልጥፍና ያለው ስፒከር መቀየር ይቀላል፤ 3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ኃይልን በእጥፍ እንደማሳደግ ነው።

አምፕሊፋየሩ ሲመለስ ቁጥሮቹ ሁሉ በወረቀት ተጽፈው ከሳጥኑ ውስጥ ተለጠፉ፤ ደህና የሆነው አሮጌ 6ቪ6 ለክፉ ቀን ከአንድ 12ኤኤክስ7 እና ከሁለት ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ጋር ተሰጠው። አዲስ የኃይል ቲዩብ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካረንቱ ስለሚንሸራተት ከሃያ ሰዓት ያህል ጨዋታ በኋላ ድጋሚ ተለካ፦ ቪ7 20.6፣ ቪ8 22.3 ሚሊ አምፔር። የቪ8 ፒን 5 ሃያ ደቂቃ ከሞቀ በኋላም −36.8 ቮልት ላይ ነበር፤ ማስተካከያው አልተነካም።